በእትዬ ሄለን አጥር ሥር የበቀለው አረም

መስከረም በገባ ቁጥር ኖርዝ ዮርክ ያለው የሰፈራችን ሱፐርማርኬት በራፉ ላይ የማም አበባ ይደረድራል። ሙሉ ስሙ ክሪሳንተመም ነው፤ ግን ምላስ ስለሚያደናቅፍ ሰዉ ሁሉ አሳጥሮ ማም ይለዋል። ቢጫው፣ ወይን ጠጁ፣ የዛገ ብረት የሚመስለው፣ ሁሉም በፕላስቲክ ማሰሮው ውስጥ ገና ከጸጉር ቤት እንደወጣ ጎረምሳ ክብ ብሎ ተስተካክሎ ይቀመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ሸቀጤን ይዤ ስወጣ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ሊያ አንዱ ቢጫ አጠገብ ቆማ «እማ፣ ይኼ ሶ ኪውት ነው፤ አንድ ብቻ ፒክ እናድርግ» አለችኝ። እኔም እሺም እንቢም ሳልል ጎንበስ ብዬ አንድ ቅጠል ቀንጥሼ በጣቴ አሸሁት። ያ አሪቲ አሪቲ የሚል ምርር ያለ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶም፣ ቅጠሉን ቶሎ ከእጄ ጣልኩት። «እሱ ለሁለት ሳምንት ነው፣ ቤት የራሳችን አለን» አልኳት። «ኦኬ፣ ዋትኤቨር» ብላ ስልኳን አወጣች።

እውነቴን ነበር፤ ቤት የራሳችን አለን። ከጓሮዬ አጥር ሥር አስተር የሚባለው የዚሁ አገር አበባ ደረቴ ድረስ አድጎ፣ ሐምራዊ ሆኖ፣ መሀሉ ላይ ቢጫ ነጥብ ጣል አድርጎበት፣ ንቡ እየጮኸበት ነው። በበጋ ሌላው አበባ ሁሉ ሲያጌጥ እሱ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይከርምና፣ ሌላው ጨርሶ ሲሄድ ይፈነዳል። ለልጄ ያልነገርኳት፣ ይህን አበባ ከማወቄ በፊት እንደፈራሁት፣ ከመውደዴ በፊት ደግሞ እንደዋሸሁበት ነው።

ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሱዳን ወደዚህ አገር የመጣነው በክረምት፣ በበረዶው ወራት፣ ነበር፤ ፓርክዴል ውስጥ ባለች ጠባብ የሸክላ ቤት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን እኔ፣ እማዬና አባዬ እንኖር ነበር። ምድር ቤቱ የአከራያችን ነበር፤ ሄለን የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው እንደ አስተማሪ ጠንከር ያለ አሮጊት። እማዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «እትዬ ሄለን» አለቻቸው፤ እስኪሞቱም ድረስ እትዬ ሄለን ሆነው ቀሩ። እንግሊዝኛዋ «ሄሎ» እና «ሶሪ» ብቻ ስለነበር የቀረውን በአማርኛ ነበር የምትጨርሰው፤ ያውም በሙሉ አንቱታ። ጠዋት ደረጃው ላይ ሲገናኙ «እንዴት አደሩ እትዬ ሄለን፣ ወገብዎን ተሻለዎት?» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም በእንግሊዝኛ ስለ በረዶው አንድ ነገር ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቅንቀው ይለያያሉ። ትምህርት ቤት በለቀምኳት እንግሊዝኛ አስተርጓሚ ተብዬዋ እኔ መሀላቸው ቆሜ አንዳንዴ ሥራ እፈታ ነበር።

ለቁም ነገር ሲሆን ግን ያለ እኔ አይሆንም። እትዬ ሄለን ሲፈልጉኝ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን፣ ማለትም የኛን ወለል፣ ሁለት ጊዜ ይመቱታል፤ እኔም ተንደርድሬ እወርዳለሁ። የውሃው ቧንቧ ነው፣ የቆሻሻው ቀን ተቀይሯል፣ ወይም ኩኪስ ጋግረዋል። አባዬ ካርቶን ፋብሪካ ውሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ዛሬ አንኳኩ?» ብሎ ነበር። ያቺን ቤት ለማግኘት ስንት በር ዞሮ፣ ልጅ አላቸው ተብሎ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ እኔም አይቻለሁና፣ «የሰው ቤት ነው፣ ቀስ በሉ፤ ሴትዮዋን እንዳታስቀይሙ» የሚላት ነገር እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤያታለሁ።

እማዬ ግን ያን ሰሞን እማዬ አልነበረችም። ቢቸና እያለች እጇ አርፎ የማያውቅ ሴት፣ ማሳ አርማ፣ ጥጥ ፈትላ፣ የጎረቤት ድግስ ሠርታ የምትመለስ ሴት፣ እዚህ መጥታ ካፖርቷን ሳታወልቅ መስኮት ሥር ቁጭ ትል ነበር። ለቅሶ የለ፣ ብሶት የለ፤ ዝም ብቻ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንደተውኳት አገኛታለሁ። ልጅ ብሆንም ይህ ዝምታ ከጩኸት ይልቅ ያስፈራኝ ነበር፤ እናቴ ቀስ በቀስ እያለቀችብኝ ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ላይ እትዬ ሄለን ከጓሮው ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አምቡላንስ መጥቶ በቃሬዛ ሲያወጧቸው እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና፣ ከተመቸሽ ቲማቲሞቹን አጠጪልኝ፣ አጥሩ ሥር ያሉትን ግን ማንም እንዳይነካቸው፣ እስከ መስከረም ምንም አይመስሉም፣ ባሌ ከባቡሩ ሐዲድ ዳር ዘራቸውን በኮት ኪሱ እያመጣ የዘራቸው ናቸው አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ ሳይረኑ ጮኸ፣ እማዬ ደረቷን ደቃች፣ አባዬ ከሥራ መጣ፣ ማን ይጠይቃቸው ማን ምን ይዞ ይሂድ ተባለ፤ በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል የእሳቸው አደራ ከጭንቅላቴ ወጥቶ ሄደ።

ሐምሌ ሲገባ ጓሮው ዱር ሆነ። እማዬ ከመስኮቷ ሆና ቀን በቀን ታየዋለች፤ አንድ ቀን ብድግ ብላ «ይኼማ ነውር ነው!» አለች። ከክረምት ወዲህ እንዲህ ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። የታመመ ጎረቤት ማሳ አረም ሲውጠው ቆሞ የሚያይ፣ በሷ አገር፣ ሰው አይባልም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ባለቤቱን ማስፈቀድ ደግሞ ምን ሲደረግ፤ ለደግ ሥራ ማን ፈቃድ ይጠይቃል? ወሩ ሐምሌ፣ የአረም ወር፤ ዝናቡም ሌሊቱን ጥሎ መሬቱ ረጥቧል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች፣ የወጥ ቤት ቢላዋ ያዘች፣ እኔን አስከትላ ወረደች።

የጤፍ ማሳ ያረመ እጅ አይቶ የማያውቅ ሰው አረም ምን እንደሆነ አያውቅም። ሳይሰብር፣ ሳያመልጠው፣ ከሥሩ ይዞ ላጥ ያደርገዋል። የመጀመሪያውን ቀን የቲማቲሙን ዙሪያ ጨረሰች። በሁለተኛው ቀን አጥሩ ጋ ደረሰች። እዚያ ወገብ የሚደርስ፣ ግንዱ ጸጉራም፣ ቅጠሉ ጠባብና ተራ የሆነ፣ አንድም አበባ የሌለው ነገር ከዳር እስከ ዳር ቆሟል። ማንም ቢያየው አረም ነው ይለዋል። የመጀመሪያውን ጭብጥ ነቅላ አፈሩን ስታራግፍ የእትዬ ሄለን እጅ እጄ ላይ ሲጠብቅ ተሰማኝ፤ አደራው ተመልሶ መጣልኝ። አፌን ከፈትኩ።

ይሄኔ ነው እማዬ ማንጎራጎር የጀመረችው። የአረም ዜማ ነው፤ ግጥሙን ዛሬ አላስታውሰውም፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው የሚቀበለው ዓይነት። ተቀባይ ስላልነበራት ራሷ ታወጣለች፣ ራሷ ትቀበላለች። ፊቷ ላይ ላብ አለ፣ ጉንጯ ቀልቷል፣ ከክረምት ጀምሮ የናፈቀችኝ እናቴ እዚያች ጓሮ ውስጥ አጎንብሳ ትዘፍናለች። አፌን መልሼ ዘጋሁት። የነቀለችውን እየተቀበልኩ ወስጄ ክምሩ ላይ ጣልኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ እያወቅሁ ጣልኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እትዬ ሄለን ሊመጡ ነው ተባለ። እማዬ የአጥሩ ሥር ባዶ መሆኑ ቅር አላት። አንድ ቀን ኩዊን ጎዳና ላይ ካለ ሱቅ በራፍ ቢጫ ማም ተደርድሮ ስታይ እጇን አጨበጨበች፤ እንቁጣጣሽ ደርሷል፣ አበባው ቢጫ ነው፣ ከዚህ የተሻለ የእንኳን ደህና መጡ ስጦታ ከየት ይገኛል? እሷና አባዬ ስድስት ማሰሮ በስትሪትካር፣ በከተማው ባቡር፣ አቅፈው አመጡ። ተሳፋሪው ሁሉ ሙሽራ የሚሸኙ መስሎት ፈገግ ይል ነበር። አጥሩ ሥር በሰልፍ ተከለቻቸውና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻቸው። እኔ ባዶዎቹን ማሰሮዎች እሰበስብ ነበር።

እትዬ ሄለን በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ። እማዬ ጉንጫቸውን ሦስት ጊዜ ስማ፣ ክንዳቸውን ይዛ፣ በቀጥታ ወደ ኋላው መስኮት ወሰደቻቸው። ቆመው አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ «አስተሮቼ የት ሄዱ?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

«ምን አሉ? ምን አሉ?» አለች እማዬ፣ ጥርሷ በጠቅላላ ወጥቶ።

«በጣም ያምራል አሉ» አልኳት። ወደ እትዬ ሄለን ዞሬ ደግሞ «እናቴ ለእርስዎ ብላ ነው የተከለችው» አልኳቸው፤ ይኼኛው እንኳ ውሸት አልነበረም። የኔን ፊት አዩ፣ የእማዬን ፊት አዩ፣ መልሰው የኔን አዩ። «አመሰግናለሁ በያት» አሉኝ በመጨረሻ፤ ያን ቀን በትክክል የተረጎምኩት እሱን ብቻ ነው። ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ክረምት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ጣሪያው በተመታ ቁጥር፣ ዛሬ ቤቱን ልቀቁ ሊሉን ነው እያልኩ ደረጃውን አንድ በአንድ እወርዳለሁ፤ ቧንቧው ነው፣ ወይም የቆሻሻው ቀን ነው። ኩኪስ ግን ቀረ። እማዬ «ሕመሙ አጠቋቁሯቸው ነው» ትላለች፤ አባዬ «ምን አስቀየማችኋቸው?» ይላል፤ እኔ የቤት ሥራዬ ላይ አቀረቅራለሁ። ሴትዮዋ ከቤት ባያስወጡን እንኳ፣ እማዬ የሠራችውን ባወቀች ቀን ተመልሳ መስኮቷ ሥር ካፖርቷን ለብሳ ትቀመጣለች የሚለው ነበር ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ። ማሞቹም አልጠቀሙኝም። አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደና ጠዋት ስንነሳ እንደተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሰው አገኘናቸው። እማዬን፣ እጄ ነው የገደላቸው የምትል ይመስል፣ ሁለት ቀን እጇን አገላብጣ ስታይ አየኋት።

በረዶው ሄደ። ግንቦት ላይ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እማዬ ጓሮ ወርዳ «ኧረ ይኼ አረም ተመልሶ መጣ!» ስትል ሰማሁ። ሮጬ ወረድኩ። አጥሩ ሥር ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ጥፍር ትንንሽ፣ አረንጓዴ ቡቃያ መሬቱን ሰንጥቆ ወጥቷል። የጤፍ ማሳ ያረመ እጅም ቢሆን ለካ ሥሩን አልጨረሰውም። እንዴት እንደተደሰትኩ ለመናገር ቃል የለኝም፤ ክረምቱን ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ብድግ ብሎ የሄደ መሰለኝ። እማዬ ግን ቢላዋዋን ይዛ አጎንብሳለች።

«እማዬ አትንቀይው!» ብዬ ጮኽኩ። ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ። ከዚያ ሁሉንም፣ አንዱንም ሳላስቀር፣ እያለቀስኩ ነገርኳት። ቃሬዛውን፣ አደራውን፣ ሐዲዱን፣ የኮቱን ኪስ፣ ስታንጎራጉር ዝም ማለቴን፣ መስኮቱ ጋ የዋሸሁትን።

ቢላዋዋን መሬት አስቀመጠች። «ባላቸው የዘራውን?» አለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጣፍታ፣ ለለቅሶ ቤት እንደሚደረገው አድርጋ ለበሰች። አጥሩ ጥግ ከተከመሩት ድንጋዮች አንዱን፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ አፈር የቀመሰ ድንጋይ አነሳችና ማጅራቷ ላይ ጫነችው። በእኛ አገር በደለኛ እንዲህ ነው፤ ድንጋዩን ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የተበደለው ሰው ደጅ ይቆማል፤ ይቅር ያለ ሰው ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ካላወረደለት እንደቆመ ይውላል። እማዬ የእትዬ ሄለንን የወጥ ቤት በር በእግሯ መታ መታ አደረገችና ጎንበስ ብላ ቆመች።

እትዬ ሄለን በሩን ከፍተው አዩዋት። እኔ ገና ከኋላዋ እየደረስኩ ነበር፤ አንድም ቃል አልተረጎምኩም። እሳቸውም አልጠበቁኝም። «ወይ የኔ እመቤት፣ ይኼማ ይከብድሻል! ማነው ይህን የሚያሸክምሽ?» በእንግሊዝኛ ብለው ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ያን የተጠገነ ዳሌያቸውን ረስተው፣ በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከማጅራቷ ላይ አነሱላት።

እማዬ ቀና ስትል ፊቷ በእንባ ርሷል። ለሷ ነገሩ አልቋል። ይቅር ተብላለች፤ በሕጉ፣ በሥርዓቱ፣ ያለ አንዳች ጉድለት። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ሄለን፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» እያለች እጃቸውን ልትስም ትሻማለች፤ እሳቸው ድንጋዩን እንዳቀፉ ግራ ተጋብተው እኔን ያዩኛል። ለአትክልት ዳር መከበቢያ ያመጣችላቸው መስሏቸው «የት ላድርገው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ውሸት ብጨምር ቀላል ነበር። ግን ከድንጋዩ ጀምሬ ወደ ኋላ፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ ሁሉንም ተረጎምኩ። እትዬ ሄለን ድንጋዩን ጭናቸው ላይ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «እስከ በረዶው ድረስ ተናድጄ ነበር» አሉ። «ከዚያ በኋላ መናደዱ ሰለቸኝ። ሥራቸው እንዳለ አውቃለሁ፤ የዚህ አገር ልጆች ናቸው፣ እንዲህ በቀላሉ አይሞቱም። እኔ ግን ከእንግዲህ ማጎንበስ አልችልም። ነገ ትምጣ በያት፤ የትኛው አረም የትኛው አበባ እንደሆነ አሳያታለሁ።» ይህን ስተረጉምላት እማዬ ነጠላዋ ውስጥ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ማታ አባዬ ስንነግረው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያ «ተመስገን» ብሎ ጫማውን አወለቀ።

ከዚያ ወዲያ እማዬ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ሲደክማት ብቻ ሆነ። እትዬ ሄለን ወንበራቸው ላይ ሆነው በምርኩዛቸው እየጠቆሙ አስተማሯት፤ ሰኔ ሲገባ አገዳውን ከግማሹ ቁረጪው፣ አለዚያ በመስከረም ይወድቃል፤ ደርቆ ሲቆም አትንቀይው፣ ወፏ ፍሬውን ትለቅማለች፣ ትንንሾቹ ንቦች ባዶው አገዳ ውስጥ ይከርማሉ፤ በሦስት ዓመት አንዴ ሥሩን ከፍለሽ ለጎረቤት ስጪ። ማም ለምን እንደሞተም ነገሯት፤ ለሽያጭ ተብሎ በግድ ያበበ ነው፣ መስከረም ላይ የተከሉት እንደሆነ ሥር ሳይሰድ ብርዱ ይቀድመዋል። እማዬ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች፤ ሆኖም እልኸኛ ናትና በየእንቁጣጣሹ አንድ ቢጫ ማም ከመግዛት አልተመለሰችም። መስኮት ላይ ታስቀምጠዋለች እንጂ መሬት አትሰጠውም።

ዛሬ ያ ሁሉ የለም። እኛ ከአስተሩ ሥር በማሰሮ ይዘን ቶርንክሊፍ ፓርክ አፓርታማ ውስጥ ገብተን ሳለን እትዬ ሄለን ዐረፉ፤ ቤቱ ተሸጠ፤ ጓሮው አስፋልት ለብሶ ሦስት መኪና ይቆምበታል። አባዬም እማዬም ከዚህ ዓለም ሄደዋል። እኔ ጋ ያለው ከእማዬ ባልኮኒ ማሰሮ ከፍዬ ያመጣሁት ሥር ነው፤ በየሦስት ዓመቱ እየከፈልኩ ለጎረቤቶቼ እሰጣለሁ፤ አመስግነው ይቀበሉኛል፤ ግማሾቹ በበጋው አረም መስሏቸው ይነቅሉታል። አልቆጣም።

ሳልነግራችሁ የቀረሁት አንድ ነገር አለ። ያን የድንጋዩን እሑድ እትዬ ሄለን በራቸውን ከዘጉ በኋላ እማዬ ደረጃው ግርጌ ቆም አለችና «ያንቺስ?» አለችኝ። ገባኝ። ሄጄ አንድ ድንጋይ አመጣሁ። በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው፤ «ይኼማ ጠጠር ነው» ብላ መለሰችኝ። ሁለተኛ ሄጄ እውነተኛውን አመጣሁ፤ ማጅራቴ ላይ ጫንኩት፤ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እሷ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አልቸኮለችም። ጫማዬን አየሁ፣ ጉንዳን አየሁ፣ አንገቴ ተቃጠለ። ከዚያ እጆቿ መጡ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች፣ አነሳችልኝ።

አሁን ሰው ሳስቀይም በስልኬ «ሶሪ» ብዬ እጽፋለሁ፤ «ኖ ወሪስ» የሚል መልስ ይመጣልኛል፤ እኔም እነሱም ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን፤ የከበደኝ ግን እላዬ ላይ ይውላል፣ የሚያወርድልኝ እጅ የለም። ያን ቀን ግን አንገቴ ሳላዘው በገዛ ራሱ ቀና አለ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ፣ ራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።